የደቪ የብረት ማቅለጫ እቶን፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

በዌልስ ምዕራባዊ ጠረፍ አካባቢ፣ ከአበሪስትዊዝ ወደ ማኽንሌት በሚወስደው ዋና መንገድ ዳር፣ ትልቅ የውሃ መንኰራኵር ከጎኑ የተተከለበት የድንጋይ ሕንፃ ቆሟል። በዚያ የሚያልፍ እንግዳ መንኰራኵሩን አይቶ የእህል ወፍጮ ቢመስለው አይፈረድበትም። ሕንፃው ግን ከ1755 ገደማ ጀምሮ ለግማሽ ምዕተ ዓመት ያህል ብረት ሲቀልጥበት የኖረ እቶን ሲሆን፣ በብሪታንያ ካሉት በእንጨት ከሰል ይሠሩ የነበሩ እቶኖች መካከል ይዞታው እጅግ ከተጠበቁት አንዱ ነው። እዚህ ላይ የቀረቡት ጥያቄዎች ስለ ቦታው ሲነሣ ብዙ ጊዜ የሚሰሙ ናቸው። ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

እቶኑ የት ነው የሚገኘው? ስሙስ እንዴት ይነበባል?

የሚገኘው ኬሬዲግዮን በሚባለው የዌልስ ክፍል፣ የአይኒዮን ወንዝ ከተራራው ተወርውሮ ወደ ሜዳው በሚደርስበት ቦታ ነው። ከማኽንሌት ከተማ ወደ ደቡብ ምዕራብ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ሲጓዙ፣ ኤ487 የተባለው መንገድ ከሕንፃው ሥር ያልፋል። በዙሪያው ያለችው ትንሽ መንደር ስሟን ያገኘችው ከዚሁ እቶን ነው፤ በእንግሊዝኛ ፈርነስ፣ በዌልስኛ ደግሞ ፉርናይስ ትባላለች፣ የሁለቱም ትርጉም «እቶን» ነው። ደቪ የሚለው ስም የመጣው የአይኒዮን ውሃ ከሚገባበት ትልቅ ወንዝ ሲሆን፣ ይህ ወንዝ ከመንደሯ ጥቂት ዝቅ ብሎ ሰፊ አፍ ከፍቶ ከባሕር ይገናኛል። በላቲን ፊደል ተጽፎ ሲያዩት «ዲፊ» ብሎ ማንበብ የተለመደ ስህተት ነው፤ በዌልስኛ ነጠላው የ«ኤፍ» ፊደል እንደ «ቨ» ይነበባልና።

እቶኑን የሠሩት እነማን ናቸው?

ሥራውን የጀመሩት ራልፍ ቨርነን እንዲሁም ኤድዋርድ እና ዊልያም ብሪጅ የተባሉ ወንድማማቾች ናቸው። ከ1770ዎቹ ጀምሮ ደግሞ በእንግሊዝ መካከለኛ ክፍል በብረት ንግድ ይታወቅ የነበረው የኬንዳል ቤተሰብ ይዞታውን ተረክቦ እስከ መጨረሻው አካባቢ ሠርቶበታል። እነዚህ ሰዎች የአካባቢው ተወላጆች ሳይሆኑ በሌላ ቦታ ብረት መቀጥቀጫ ያላቸው ወይም ብረት የሚነግዱ ባለሀብቶች እንደነበሩ ልብ ማለት ይጠቅማል፤ ወደዚህ ሩቅ ሸለቆ ያመጣቸው ምን እንደሆነ ካልታወቀ የእቶኑ ታሪክ አይገባምና ቀጣዩ ጥያቄ በዚሁ ላይ ነው።

በአካባቢው ለእቶን የሚበቃ የብረት ማዕድን ካልነበረ፣ እቶኑ እዚያ ለምን ተሠራ?

ይህ ከሁሉም የተሻለው ጥያቄ ነው። ኬሬዲግዮን በእርሳስና በብር ማዕድን ትታወቃለች እንጂ በብረት አትታወቅም። ለእቶኑ የሚያስፈልገው ቀይ የብረት ድንጋይ የሚመጣው በሰሜን ምዕራብ እንግሊዝ ከምትገኘው ከከምብሪያ ሲሆን፣ በመርከብ ተጭኖ ባሕሩን ተከትሎ ወደ ደቪ ወንዝ አፍ ይደርስና ከዚያ ወደ እቶኑ ይጓጓዛል። ማዕድኑን በወጣበት አገር ማቅለጥ ሲቻል ይህን ሁሉ መንገድ ማጓጓዝ ለዛሬ ሰው ኪሳራ ይመስላል፤ ለዚያ ዘመን ነጋዴ ግን ሂሳቡ ሌላ ነበር።

እቶኑ የሚበላው ከድንጋዩ ይልቅ ከሰሉን ነው። ከሰል ደግሞ ለመጓጓዝ የማይመች ዕቃ ነው። ክብደቱ ትንሽ ሆኖ ሳለ ብዙ ቦታ ይይዛል፣ በፈረስ ጀርባም ሆነ በመርከብ ሆድ ውስጥ ሲንገጫገጭ ይደቃል፣ የደቀቀው ከሰል ደግሞ እቶኑ ውስጥ ሲገባ ንፋሱን አፍኖ እሳቱን ያዳክማል። የብረት ድንጋይ ግን ቢወርድም ቢወድቅም ድንጋይነቱን አይለቅም፤ ዝናብ ቢመታውም አይበላሽም። ስለዚህ ነጋዴዎቹ «ከሰሉን ወደ ድንጋዩ እንውሰድ ወይስ ድንጋዩን ወደ ከሰሉ እናምጣ?» ብለው ሲያሰሉ መልሱ ሁልጊዜ ሁለተኛው ይሆን ነበር። በከምብሪያና በእንግሊዝ መካከለኛ ክፍል እቶኖችና ቀጥቃጮች እየበዙ በመሄዳቸው የእንጨት ዋጋ ተወድዶ ሳለ፣ በደቪ ሸለቆ ዳገቶች ላይ ገና ብዙ ተፎካካሪ ያልደረሰበት የባሉጥ (በእንግሊዝኛ ኦክ የሚባለው ዛፍ) ጫካ ነበር። በዚያ ላይ ከተራራው የሚወርደው የአይኒዮን ውሃ ወናፉን ለማሠራት ይበቃል፤ የወንዙ አፍም መርከብ ያስገባል። ጫካ፣ ፏፏቴና ባሕር በእግር መንገድ ርቀት ላይ የተገናኙበት ቦታ በቀላሉ አይገኝም።

ደቪ በዚህ ብቻውን አይደለም። በምዕራብ ስኮትላንድ በሎክ ኤቲቭ ዳር በ1753 የተመሠረተው የቦናው እቶን እንዲሁ የከምብሪያን ማዕድን በባሕር እያስመጣ በደጋው አገር እንጨት ያቀልጥ ነበር። ሁለቱ የተሠሩት በሁለት ዓመት ልዩነት መሆኑ የአጋጣሚ ነገር አይመስልም፤ ያኔ የብረት ነጋዴዎች ሁሉ ፊታቸውን ወደ ሩቅ ጫካዎች ያዞሩበት ጊዜ ነበር።

ለከሰሉ ሲባል ጫካው አልወደመም?

ብዙ ሰው እንደሚገምተው አይደለም። ባሉጥ ከሥሩ ካልተነቀለ በቀር፣ ባሕር ዛፍ ከጉቶው እንደሚያቆጠቁጥ ሁሉ፣ ተቆርጦ እንደገና ያድጋል። ከሰል አክሳዮቹም የሚፈልጉት ግዙፉን ግንድ ሳይሆን በክንድ ውፍረት ያለውን ቀጥ ያለ እንጨት ስለነበር፣ ጫካውን በየክፍሉ ተራ በተራ እየቆረጡ፣ አንዱ ክፍል እስኪደርስ ድረስ ሌላውን እያከሰሉ መኖር ይቻል ነበር። እቶን ያቆመ ሰው ጫካውን ጨርሶ ማጥፋት አይፈልግም፤ ጫካው ሲያልቅ እቶኑም ያልቃልና። ቅርፊቱም ቢሆን አይጣልም፤ ቆዳ ፋቂዎች ለማልፊያ ይገዙት ነበር።

አከሳሰሉ ሙያ የሚጠይቅ ነበር። እንጨቱ እንደ ጎጆ ክብ ተደርጎ ይከመርና በሣርና በአፈር ይሸፈናል፤ ከውስጡ እሳት ከተለኰሰበት በኋላ አክሳዩ ሌሊትና ቀን አጠገቡ ሆኖ ይጠብቀዋል። ሽፋኑ በአንድ ቦታ ተቀዶ አየር ከገባ ክምሩ በሙሉ አመድ ሊሆን ስለሚችል እንቅልፍ የሚባል ነገር የለም። በዌልስ የባሉጥ ጫካዎች ውስጥ የሚራመድ ሰው ዛሬም በዳገቱ ላይ ክብና ሜዳ የሆኑ ትናንሽ ደልዳላ ቦታዎች ሊያይ ይችላል። ቅጠሉ ገለጥ ሲደረግ ከሥሩ ጥቁር አፈር ከወጣ፣ የጥንት አክሳዮች የሠሩበት ቦታ መሆኑ ነው።

እቶኑ እንዴት ነበር የሚሠራው?

ከውጭ ሲታይ እቶኑ ወፍራም ግድግዳ ያለው የድንጋይ ማማ ነው። ውስጡ ግን ማማ ሳይሆን ጠባብ ጕድጓድ ሲሆን፣ አፉ ከላይ ይከፈታል፤ ከመካከሉ ሰፋ ብሎ ወደ ታች እየጠበበ ይሄድና ብረቱ የሚጠራቀምበት ትንሽ ገንዳ ላይ ያበቃል። ከግርጌው ሁለት ትላልቅ ቅስቶች አሉት፤ በአንደኛው በኩል የወናፉ ንፋስ ይገባል፣ በሌላው በኩል ቀልጦ የተጠራቀመው ብረት ይወጣል። የማማው ጀርባ ወደ ዳገቱ የተጠጋው ሆን ተብሎ ነው። ከሰልና ማዕድን ተሸክሞ ማማው ላይ መውጣት ሳያስፈልግ፣ ከላይኛው መሬት በቀጥታ ተሻግሮ ወደ እቶኑ አፍ መጨመር ያስችላል። በኋላ የተሠሩ ትላልቅ እቶኖችም ቢሆኑ ዳገት ሲገኝ ይህንኑ ዘዴ አልተዉትም።

ከላይ የሚጨመሩት ሦስት ነገሮች ናቸው፦ ከሰል፣ የብረት ድንጋይ እና የኖራ ድንጋይ። ከሰሉ ሁለት ሥራ አለው። አንደኛው ሙቀት መስጠት ነው። ሁለተኛው፣ ብዙ ሰው የማያስተውለው፣ ብረቱን ከኦክስጅን ማላቀቅ ነው፤ ማዕድኑ ብረትና ኦክስጅን የተጣመሩበት ድንጋይ ስለሆነ፣ ሲነድ ከከሰሉ የሚወጣው ጋዝ ኦክስጅኑን ነጥቆ ይዞት ይወጣል። የኖራው ድርሻ ደግሞ በማዕድኑ ውስጥ ካለው አሸዋማ ባዕድ ነገር ጋር ተዋሕዶ ስላግ የሚባለውን ቀላጭ ቆሻሻ መፍጠር ነው። ስላግ ከብረቱ ስለሚቀል ከላይ ይንሳፈፋል፣ ለብቻውም ይቀዳል። ከእንዲህ ዓይነት እቶን የወጣ ስላግ ሲቀዘቅዝ እንደ ጠርሙስ ስብርባሪ አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ ሆኖ ያብረቀርቃል፤ ዕንቁ መስሎት የሚያነሣው ሰው አይጠፋም።

ንጹሕ ብረት የሚቀልጠው በ1,538 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ነው። በዚያ ዘመን ለአንድ ሙሉ እቶን ብረት ይህን ያህል ሙቀት ሳያቋርጡ መስጠት ከባድ ነበር። ነገር ግን ብረቱ በከሰሉ መካከል ቀስ እያለ ሲወርድ ከ3 እስከ 4 በመቶ የሚሆን ካርቦን ይጠጣል፤ ካርቦን የጠጣ ብረት ደግሞ በ1,150 ዲግሪ አካባቢ ይፈስሳል። የእቶኑ ምስጢር ይህ ነው ማለት ይቻላል። ከዚህ ቴክኒክ በፊት፣ በዌልስም ሆነ በሌላው ዓለም፣ በትንሽ ምድጃ የሚሠራ ብረት አይፈስስም ነበር፤ የተኮማተረ የብረትና የቆሻሻ ድብልቅ ሆኖ ይወጣና ቀጥቃጩ እየደጋገመ በመምታት ያጠራዋል። ብረትን እንደ ውሃ የሚያፈስሰው እቶን ወደ ብሪታንያ የገባው በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ሲሆን፣ መጀመሪያ የተስፋፋው በደቡብ ምሥራቅ እንግሊዝ ነው።

ይህን ሁሉ የሚያንቀሳቅሰው ንፋሱ ነው። በአማርኛ ወናፍ ስንል በአእምሯችን የሚመጣው ቀጥቃጩ በእጁ የሚጫነው የቆዳ ከረጢት ነው፤ በእንዲህ ያሉ እቶኖች የነበረው ወናፍ ግን ከእንጨትና ከቆዳ የተሠራ፣ ክፍል የሚሞላ ግዙፍ መሣሪያ ነበር። የውሃው መንኰራኵር ዘንግ ሲዞር በላዩ የተተከሉት ጥርሶች ሁለቱን ወናፎች በየተራ ይጫኗቸዋል፤ አንዱ ሲተነፍስ ሌላው ይሞላል፣ እቶኑም ሳያቋርጥ ይነፋል። መንኰራኵሩ ቆመ ማለት እቶኑ ቀዘቀዘ ማለት ነው፤ ውስጡ ያለው ግማሽ የቀለጠ ነገር ከረጋ ደግሞ ያንን ፈልፍሎ ለማውጣት እቶኑን ማፍረስ ሊጠይቅ ይችላል። በዚህ ምክንያት እቶኑ አንዴ ከተለኰሰ ለወራት አይጠፋም። በብሪታንያ ሞቃቱ ወቅት የወንዞች ውሃ የሚያንስበት ጊዜ ስለሆነ፣ እሳቱ አብዛኛውን ጊዜ በመከር ይለኰስና የብርዱን ወራት ተሻግሮ ይነድ ነበር፤ በበጋው እቶኑ ቀዝቅዞ በእሳት የተበላው የውስጥ ግድግዳ ይጠገናል።

ብረቱ የሚወጣበት ሰዓት ሲደርስ ምን ይደረጋል?

በገንዳው በቂ ብረት ሲጠራቀም፣ ብዙውን ጊዜ በቀን ሁለት ጊዜ ያህል፣ የእቶኑ ኃላፊ ንፋሱ እንዲቆም ያደርጋል። ከዚያ ረጅም የብረት ዘንግ ይዞ የመውጫውን ቀዳዳ የደፈነውን ጭቃ ይሰብራል። ፊት ለፊት ያለው የቤቱ ወለል በእርጥብ አሸዋ ተደልድሏል። በመካከሉ አንድ ረጅም ቦይ ይቆፈራል፣ ከቦዩ ግራና ቀኝ አጫጭር ቦዮች ጎን ለጎን ይቀደዳሉ። ነጭ ሆኖ የሚነድደው ብረት በረጅሙ ቦይ ይወርድና አጫጭሮቹን አንድ በአንድ ይሞላል፤ ሠራተኛው የሞላውን በአካፋ አሸዋ ይዘጋና ወደሚቀጥለው ያሳልፈዋል። ሲቀዘቅዝ ብረቱ ከነጭ ወደ ቢጫ፣ ከቢጫ ወደ ቀይ፣ በመጨረሻም ወደ ግራጫ ይለወጣል፤ ያኔ አጫጭሮቹ በመዶሻ ተመትተው ከረጅሙ ይገነጠላሉ።

እንግሊዞች ይህን ጥሬ ብረት «የአሳማ ብረት» የሚሉት ከዚህ ትዕይንት ተነሥተው ነው። ረጅሙ ብረት የተጋደመች እናት አሳማ፣ አጫጭሮቹ ደግሞ ተደርድረው የሚጠቡ ግልገሎቿ መስለው ታይተዋቸዋል። ቃል በቃል ወደ አማርኛ ስንመልሰው ግራ ስለሚያጋባ፣ በዚህ ጽሑፍ ጥሬ ብረት ማለትን መርጠናል።

ከደቪ የወጣው ብረት ለምን አገልግሎት ይውል ነበር?

ጥሬ ብረት ካርቦን ስለበዛበት ይሰበራል እንጂ አይቀጠቀጥም፤ ፈረስ ጫማም ሆነ ሚስማር አይወጣውም። ስለዚህ የደቪ ብረት በመርከብ ተጭኖ ወደ እንግሊዝ መቀጥቀጫ ቤቶች ይላክ ነበር። እዚያም በሌላ ምድጃ እንደገና ቀልጦ ካርቦኑ በንፋስ ከተቃጠለለት በኋላ በውሃ ኃይል በሚሠራ መዶሻ ይመታና ወደሚቀጠቀጥ ብረት ይለወጣል። በእንጨት ከሰል የቀለጠ ብረት ለዚህ ሥራ ይመረጥ የነበረው የድንጋይ ከሰል የሚያመጣው ድኝ ስለሌለበት ነው፤ ድኝ የገባበት ብረት ገና ትኩስ ሳለ ሲመታ ይሰነጠቃልና።

ዛሬ የሚታየው መንኰራኵር የጥንቱ የእቶኑ መንኰራኵር ነው?

አይደለም። ዲያሜትሩ ወደ 9 ሜትር የሚጠጋው ይህ መንኰራኵር የመጣው እቶኑ ከተዘጋ በኋላ ሕንፃው ወደ እንጨት መሰንጠቂያ በተለወጠበት ዘመን ነው። የሚያሽከረክረው መጋዝ ነበር፤ ወናፉን የነፋው ሌላ መንኰራኵር ነው። ፎቶ አንሺው ሁሉ የሚያተኩረው በመንኰራኵሩ ላይ ስለሆነ የቦታው ዋና ነገር ከጀርባ ይቀራል፤ ያለ መንኰራኵሩ እቶኑ እቶን ነው፣ ያለ እቶኑ ግን መንኰራኵሩ በዌልስ ከቀሩት ብዙዎች አንዱ ነው። ቢሆንም ውሃ እንዴት ከላይ ወርዶ በክብደቱ እንደሚያዞረው ለመረዳት ጥሩ አስተማሪ ነውና መነሣት አለበት የሚል የለም።

በቦታው ከብረቱ በፊት ብር ይቀልጥ ነበር የሚባለው እውነት ነው?

አዎን። በ17ኛው ክፍለ ዘመን በዚሁ ስፍራ የብር ማቅለጫ ነበር። በኬሬዲግዮን ተራሮች የሚወጣው የእርሳስ ማዕድን በውስጡ ብር ስላለው፣ እርሳሱን አቅልጦ ብሩን መለየት ትልቅ ንግድ ነበር። ቶማስ ቡሼል የተባለው የማዕድን ባለሀብት ከንጉሥ ቻርልስ ቀዳማዊ ፈቃድ አግኝቶ በ1637 በአበሪስትዊዝ ቤተ መንግሥት ግምብ ውስጥ ገንዘብ ማተሚያ ከፈተ፤ ብሩ የዌልስ መሆኑ እንዲታወቅም በሳንቲሞቹ ላይ የዌልስ ልዑል ምልክት የሆነው የላባ ምስል ይቀረጽ ነበር። በንጉሡና በፓርላማው መካከል የተነሣው የእርስ በርስ ጦርነት ግምቡን ለጥፋት የዳረገው ሲሆን፣ የሳንቲም አጥኚዎች አንዳንዶቹን የዚያ ዘመን ሳንቲሞች በዚሁ በአይኒዮን ዳር በነበረው ማቅለጫ የተሠሩ ናቸው ብለው ይመድቧቸዋል። ብርም ሆነ ብረት ለማቅለጥ የሚጠይቀው ውሃና ማገዶ አንድ ዓይነት በመሆኑ፣ ከመቶ ዓመት በኋላ የመጡት የብረት ሰዎች ይህንኑ ቦታ መምረጣቸው አያስገርምም።

እቶኑ ለምን ተዘጋ?

በአጭሩ፣ የዘመኑ ማገዶ ተለወጠ። አብርሃም ዳርቢ በ1709 በእንግሊዝ በኮልብሩክዴል ብረትን በኮክ አቅልጦ ነበር። (ኮክ ከፍሬው ጋር የሚጋራው ስም ብቻ ነው፤ የድንጋይ ከሰል አየር ሳያገኝ ሲጋገር ድኙና ጭሱ ወጥቶለት የሚቀረው ጠንካራ ማገዶ ነው።) አዲሱ ዘዴ ወዲያው አልተስፋፋም። ለቀጥቃጮች የሚመች ብረት ለማግኘት ገና ስላስቸገረ፣ የእንጨት ከሰል እቶን መሥራት በ1755ም ቢሆን ሞኝነት አልነበረም። ሁኔታው መገልበጥ የጀመረው ከዚያ ወዲያ ነው። በደቡብ ዌልስ ሜርተር ቲድቪል አጠገብ የዶውላይስ ብረት ፋብሪካ በ1759 ተመሠረተ፤ ደቪ ከተለኰሰ አራት ዓመት ገደማ በኋላ መሆኑ ነው። በዚያ የድንጋይ ከሰሉ፣ የብረት ድንጋዩና የኖራ ድንጋዩ በአንድ ተራራ ውስጥ ስለሚገኙ መርከብ አያስፈልግም፣ ዛፍ እስኪያድግም አይጠበቅም። በ1784 ሄንሪ ኮርት በድንጋይ ከሰል እሳት ጥሬ ብረትን ወደሚቀጠቀጥ ብረት የሚለውጥበትን ዘዴ ካስመዘገበ በኋላ ደግሞ የእንጨት ከሰል ብረት የነበረው የመጨረሻ ብልጫ እየሟሸሸ ሄደ።

ባለቤቶቹ ራሳቸው ይህን ሳያዩ አልቀሩም። የኬንዳል ቤተሰብ ደቪን ይዞ ሳለ፣ በ1779 በደቡብ ዌልስ ሸለቆዎች ራስጌ ከቦፎርት መስፍን መሬት ተከራይቶ የቦፎርት ብረት ፋብሪካን አቋቁሟል፤ ያ ደግሞ በኮክ የሚሠራ ነበር። አንድ ቤተሰብ በአንድ እጁ አሮጌውን፣ በሌላው አዲሱን ዘዴ ይዞ ጥቂት ዓመታት ከሠራ በኋላ የትኛውን እንደሚለቅ ለመወሰን አይቸገርም። የደቪ እሳት እስከ 1810 ገደማ ባለው ጊዜ ውስጥ ጨርሶ ጠፍቷል።

እንዲህ ቶሎ የተተወ ሕንፃ እንዴት እስከ ዛሬ ሊቆም ቻለ?

በጸሐፊው አስተያየት፣ ያዳነው ሽንፈቱ ነው። ዶውላይስ አሸነፈና አደገ፤ በ1840ዎቹ አጋማሽ 18 እቶኖችና ከ7,000 በላይ ሠራተኞች ይዞ በዓለም ትልቁ የብረት ፋብሪካ እስከ መሆን ደረሰ። ነገር ግን የሚያድግ ፋብሪካ ትናንት የሠራውን ዛሬ አፍርሶ በላዩ ይሠራል፤ በዚህም ምክንያት ከዶውላይስ የ18ኛው ክፍለ ዘመን እቶን አንድም ቆሞ አይታይም። በደቪ ግን የሚያሰፋው ሰው አልመጣም፣ አዲስ እቶን አልተተከለም፣ ማሽን አልገባም። መጀመሪያ የእንጨት መሰንጠቂያ፣ በኋላም የእርሻ ምርት ማስቀመጫ ሆኖ ያገለገለው ሕንፃ ጣሪያው እየተጠገነለት ኖሯል። ጠቀሜታ ያለው ሆኖ፣ ለማስፋት ግን የማያጓጓ ነበር።

የመንግሥት ጥበቃ ከመጣ ወዲህ፣ በተለይ በ1980ዎቹ፣ ግቢው በአርኪዮሎጂ ባለሙያዎች ተቆፍሯል፤ ሕንፃውም ታድሷል። ዛሬ የሚያስተዳድረው በ1984 የተቋቋመው የዌልስ መንግሥት የታሪካዊ ቅርስ ጥበቃ መሥሪያ ቤት ነው። መሥሪያ ቤቱ ካዱ ይባላል፤ ለአማርኛ ተናጋሪ ጆሮ ጥሩ ስም አይመስልም፣ በዌልስኛ ግን «መጠበቅ» ማለት ነው።

ዛሬ በቦታው ምን ይታያል?

የእቶኑ ማማ፣ ከእርሱ ጋር የተያያዙት ከሰልና ማዕድን ይጨመርበት የነበረው የላይኛው ቤት እና የወናፉ ክፍል፣ መንኰራኵሩ፣ ውሃውን ወደ መንኰራኵሩ የሚያመጣው ቦይ፣ እንዲሁም ብረቱ ይፈስስበት የነበረው ቤት ቅሪት ይታያሉ። ከዳገቱ በላይ ደግሞ የከሰል ማከማቻው ሕንፃ ነበር። ከሰል እርጥበት ከጠጣ ሥራ ስለሚያበላሽ፣ በዚህ ዝናባም አገር ለማከማቻው የሚደረገው ጥንቃቄ ለእቶኑ ከሚደረገው አያንስም ነበር።

መንገዱን ሳይለቁ ፎቶ አንሥቶ መሄድ ይቻላል፣ አብዛኛው ሰውም የሚያደርገው ያንኑ ነው። ይሁን እንጂ ጊዜ ያለው ሰው መጀመሪያ ወደ ላይኛው ደረጃ ወጥቶ፣ ከዚያ ወደ ታች እየወረደ ቢያየው ይመከራል፤ ከሰሉ ከገባበት ጀምሮ ብረቱ እስከ ወጣበት ያለውን መንገድ በእግሩ ተከተለ ማለት ነውና። ከሕንፃው አጠገብ የአይኒዮን ፏፏቴ ይወርዳል። ዝናብ በዘነበ ማግስት ድምፁ ከመንገዱ መኪና በላይ ስለሚሰማ፣ የወናፉ ኃይል ከየት እንደመጣ ገላጭ አያሻውም።

መግቢያው ይከፈልበታል? በአካባቢውስ ሌላ የሚታይ አለ?

ክፍያ የለውም። ከመሄድ በፊት ግን ጥገና ወይም ለጊዜው የተዘጋ ክፍል እንዳለ ከካዱ ማጣራት ብልህነት ነው። ከእቶኑ በላይ ያለው ሸለቆ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሠዓሊዎች ያዘወትሩት ስለነበር የሠዓሊዎች ሸለቆ የሚል ስም አውጥቷል። በመንገዱ ማዶ፣ ወደ ወንዙ አፍ በኩል፣ የእኒስ ሂር የአእዋፍ መጠበቂያ ይገኛል፤ አካባቢው በ2009 በዩኔስኮ የባዮስፌር ክልልነት ተመዝግቧል። አንድ ጊዜ ለከሰል ይቆረጡ የነበሩት የባሉጥ ጫካዎች ዛሬ በእርጥበታቸውና ግንዳቸውን ባለበሰው የዛፍ ሽበት ምክንያት ተመራማሪ የሚመላለስባቸው ሆነዋል።

ተመሳሳይ እቶን ሌላ ቦታ ማየት ይቻላል?

በእንጨት ከሰል ከሚሠሩት መካከል በስኮትላንድ እስከ 1876 የሠራው ቦናው፣ በከምብሪያ ደግሞ በ1736 የተተከለውና በ1867 የተዘጋው የደደን እቶን ተጠቃሽ ናቸው። የኮክ ዘመን ምን እንደሚመስል ለማነጻጸር የሚፈልግ ሰው በደቡብ ዌልስ ወደ ብሌናቮን ይሂድ፤ በ1789 ሥራ የጀመሩት እቶኖቹ ተደርድረው ቆመዋል፣ አካባቢውም በ2000 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። በደቪ አንድ ብቻውን የቆመ እቶን ያየ ሰው በብሌናቮን ሙሉ የእቶን ረድፍ፣ የማሽን ቤት ቅሪትና የሠራተኛ ሰፈር ሲያይ፣ በሠላሳ አምስት ዓመት ውስጥ የመጣው ለውጥ ምን ያህል እንደነበር ያለ ቁጥር ይገባዋል።

ከመሬት የተገኘ ስላግ ወይም የብረት ቁራጭ ለማስታወሻ መውሰድ ይፈቀዳል?

አይፈቀድም። ቦታው በሕግ የሚጠበቅ ሐውልት ስለሆነ መቆፈርም ሆነ ያለ ፈቃድ ብረት መፈለጊያ መሣሪያ ይዞ መግባት ወንጀል ነው። አረንጓዴዋ የስላግ ቁራጭ ተራ ጠጠር ብትመስልም፣ በላቦራቶሪ ሲመረመር የማዕድኑን ምንጭና የእቶኑን ሙቀት ልትናገር ስለምትችል፣ ያየ ሰው ፎቶ አንሥቶ በነበረችበት ይተዋት።